ማስታገስ ነው ወይስ ማፍዘዝ? አእምሮ ላይ የሚሠሩ የዕፅዋት ውህዶች ለነርቭ ሕመም መድኃኒት መነሻ ሲሆኑ

ቀጭን_ነርቭ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለነርቭ ሕመም መድኃኒት መነሻ ይሆናሉ ከሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች አራቱን ጎን ለጎን ለማወዳደር የሥራ ዕቅድ እየጻፍኩ ነው። እነሱም ሳልቪኖሪን ኤ፣ ኮኖሊዲን፣ ከኮሪዳሊስ ሥር የሚገኘው ዲሃይድሮኮሪቡልቢን፣ እንዲሁም ከአይቦጌይን ተቀርጾ የወጣው ታበርናንታሎግ ናቸው። ሁሉም ቅዠት ያመጣሉ ማለቴ አይደለም፤ ግን ሁሉም ወይ ራሳቸው ወይ ዘመዶቻቸው አእምሮ ላይ ይሠራሉ።

ዕቅዱ ባጭሩ ይህ ነው። ወንድ አይጦች፣ የኤስኤንአይ ቀዶ ጥገና (የቲቢያልና የፔሮኒያል ነርቭ ተቆርጦ ሱራል የሚተርፍበት)፣ በ14ኛው ቀን ውህዱን ሆድ ውስጥ በመርፌ መስጠት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ የውስጥ እግርን በቮን ፍሬይ ክር (ስንት ግራም ግፊት እግሩን እንደሚያስነሳው በሚያሳይ ቀጭን የናይሎን ክር) መለካት። ለእያንዳንዱ ውህድ ሦስት ዶዝ፣ ለእያንዳንዱ ዶዝ 8 አይጥ። ማወዳደሪያው የተለመደው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ጋባፔንቲን በኪሎ 100 ሚ.ግ. ነው።

ግራ የገባኝ፦ አይጧ እግሯን ባታነሳ ሕመሙ ስለቀነሰ ነው ወይስ ስለፈዘዘች? የልብ ምርመራው (ውህዱ ኸርግ የተባለውን የልብ ፖታሲየም ቻናል ይዘጋ እንደሆነ የሚያየው) መቼ ይግባ? ደግሞስ ከንጹሕ ውህድ ይልቅ ከጭማቂ መጀመር ያዋጣል?

ክር_ቆጣሪ

ከ30 ደቂቃው ልጀምር፤ ዕቅድህ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ሳልቪኖሪን ኤ አይጥ ውስጥ ጉልበቱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ገደማ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አብዛኛው አልቋል። ጥፋቱ የሁለተኛው ካርቦን አሴቴት ነው። ኤስቴሬዝ የሚባሉ ኤንዛይሞች ይቆርጡትና ውህዱ ሳልቪኖሪን ቢ ይሆናል፤ ሳልቪኖሪን ቢ ደግሞ ሳልቪኖሪን ኤ የሚሠራበትን ካፓ ኦፒዮይድ ሪሴፕተር (የሕዋስ ተቀባይ) እምብዛም አያነቃውም። በ30ኛው ደቂቃ ብቻ ከለካህ "አይሠራም" ብለህ ትጽፋለህ፤ ያልኖረው ግን ውህዱ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ውህድ መጀመሪያ የጊዜ መስመር አውጣ፤ ለሳልቪኖሪን 5፣ 10፣ 20 እና 40 ደቂቃ፣ ለሌሎቹ 15፣ 30፣ 60 እና 120 ይበቃል። አንዷን አይጥ በክር ለክቶ መጨረስ ራሱ ደቂቃዎች ስለሚፈጅ ስምንቱን በአንድ ጊዜ አትውጋ። አንዷን ወግተህ፣ ለክተህ፣ ወደ ቀጣይዋ እለፍ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የቮን ፍሬይ ክር የሚለካው አይጧ እግሯን ማንሳቷን ነው። እግር ላለማንሳት ብዙ ምክንያት አለ፦ ሕመሙ መቀነሱ፣ እንቅልፍ፣ የጡንቻ መዛል፣ ካታሌፕሲ (በተቀመጡበት መድረቅ)፣ ወይም በቀላሉ ልቧ ሌላ ቦታ መሆኑ። ካፓን የሚያነቃ ውህድ ያፈዛል፤ ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ሪሴፕተር የሚዘጋ ውህድ (ዲሃይድሮኮሪቡልቢን እንዲህ ነው) ዶዙ ከፍ ሲል እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ከአራቱ ሁለቱ እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ናቸው።

መውጫው ሦስት ነገር ነው። ሮታሮድ (አይጧ ሳትወድቅ የምትሄድበት የሚሽከረከር ዘንግ) በደቂቃ ከ4 ወደ 40 ዙር በ5 ደቂቃ እየፈጠነ፣ አይጦቹ ቀድመው ለ3 ቀን ሠልጥነው፣ በዚያው ዶዝና በዚያው ደቂቃ ይለካ። ሌላ ቀን በሌላ ዶዝ የተለካ ሮታሮድ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ሃሎፔሪዶል (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) የሚወስድ ቡድን ጨምር። ሃሎፔሪዶል አይጧን ያደርቃል እንጂ የነርቭ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ እሱም የክሩን ልኬት ከፍ ካደረገልህ ፈተናህ እየለካ ያለው ጸጥታን ሊሆን ይችላል። ይህን ቡድን የሚያስገባ ሰው ብዙም አይታይም፣ ርካሽ ሆኖ ሳለ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የቦታ ምርጫ ፈተና ነው። ጠዋት ባዶ መርፌ ከአንዱ ክፍል ጋር፣ ከሰዓት ውህዱ ከሌላው ክፍል ጋር፤ በማግስቱ ያለምንም መርፌ ሁለቱንም በር ከፍተህ የት እንደምትቀመጥ ታያለህ። ነርቯ የተጎዳባት አይጥ የመድኃኒቱን ክፍል መርጣ፣ ነርቯ ሳይነካ የተሰፋችው (ሻም) ካልመረጠች፣ ያገኘችው ዕረፍት ከሕመም ነው። ሁለቱም ከመረጡ ውህዱ በራሱ ያስደስታል፤ የሱስ ጥያቄ ይከተላል። ሁለቱም ከሸሹ ደግሞ የካፓ መልክ ነው፤ ሕመሙን ቢቀንስም መንፈሷን ረብሿል። የሻም ቡድን ከሌለ ይህ ፈተና ምንም አይነግርህም።

ስለ ቀዶ ጥገናው አንድ ልጨምር። ሁለቱን ነርቮች አስረህ ከቆረጥክ በኋላ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ያህል ቆርጠህ አውጣ፤ አለዚያ ይገናኛሉ። ሱራሏን ግን አትሳብ፣ በፒንሴት አትንካ። ሱራል ከተጎዳች የእግሩ ውጨኛ ጠርዝ ይደነዝዛል፤ ክሩ እስኪታጠፍ ብትገፋም አይጧ ዝም ትላለች፤ አንተ ያንን "ዳነች" ብለህ ትመዘግባለህ። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ስሜቷ ያልጨመረ አይጥ መድኃኒት ሳይሰጣት ከጥናቱ ትውጣ። ይህ መስፈርት ደግሞ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይቀመጥ።

ክሩን በውጨኛው ጠርዝ (በሱራል ክልል) ቀጥ አድርገህ ግፋ፤ ትንሽ እስኪታጠፍ፣ ጥቂት ሰከንድ ያዘው፣ እንዳይንሸራተት። ከ0.4 ግራም ጀምር፤ ካነሳች ወደሚቀጥለው ቀጭን፣ ካላነሳች ወደ ወፍራሙ። መልሷ መጀመሪያ ከተቀየረበት በኋላ አራት ጊዜ ጨምረህ አቁም። የናይሎን ክር እርጥበት ስለሚለውጠው በየጊዜው ሚዛን ላይ ጫነው፤ 0.4 የሚል ጽሑፍ ያለበት ክር 0.4 ግራም ይገፋል ማለት አይደለም። ስሌቱንም በሎግ ሥራ፤ ክሮቹ የሚራራቁት በእጥፍ እንጂ በእኩል እርምጃ አይደለም።

ሴት አይጦችንም አስገባ። በወንድና በሴት አይጥ የነርቭ ሕመምን የሚያቆየው የበሽታ መከላከያ ሕዋስ አንድ እንዳልሆነ ከ2015 ጀምሮ ይታወቃል፤ በወንዶቹ ማይክሮግሊያ፣ በሴቶቹ ቲ ሴል ያመዝናል። በወንድ ብቻ የተገኘ ውጤት ግማሽ ውጤት ነው።

ቀለበት_ስድስት

የክር ቆጣሪን እንዳለ ተቀብዬ ስለ ሞለኪውሎቹ ልናገር። አራቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ሳልቪኖሪን ኤ የሚገርም ፍጥረት ነው፤ ኦፒዮይድ ሪሴፕተርን ይነካል ግን ናይትሮጅን የለውም፣ አልካሎይድ አይደለም። ካፓ ላይ እንደሚሠራ የታወቀው በ2002 ነው። ችግሩ ቅዠቱ የመጣው ከሌላ ሪሴፕተር አለመሆኑ ነው፤ ያው ካፓ ራሱ፣ አንጎል ውስጥ ሲነቃ፣ ቅዠትም ጭንቀትም ያመጣል። ስለዚህ "ቅዠቱን ቆርጠን እንጣል" የሚለው ቀላል ሥራ እዚህ አይሠራም። ያለው አማራጭ ወይ አንጎል እንዳይገባ ማድረግ፣ ወይ ሪሴፕተሩ መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው ሁለት መንገዶች ጂ ፕሮቲንን ይዞ ቤታ አሬስቲንን እንዲተው መቅረጽ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሰው ላይ ደርሷል፤ ዲፈሊኬፋሊን በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። አንጎል እምብዛም የማይገባ ፔፕታይድ ነው፤ ለኩላሊት እጥበት ሕሙማን ማሳከክ በኪሎ 0.5 ማይክሮግራም በደም ሥር ይሰጣል። ለሕመም ሳይሆን ለማሳከክ መሆኑን ልብ በሉ።

አሴቴቱን በኤተር መተካት (ለምሳሌ ኤቶክሲሜቲል) ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ ኤስቴሬዙ የሚቆርጠው አጥቶ ያልፋል። ግን ዕድሜ ሲረዝም የሚረብሸውም ይረዝማል። ደም ስትወስድ ቱቦው ውስጥ አስቀድሞ ኤስቴሬዝ የሚያቆም (ሶዲየም ፍሎራይድ ዓይነት) ይኑር፣ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ። አለዚያ ውህዱ ቱቦው ውስጥ ተበልቶ ሲያልቅ አንተ "አካል ውስጥ አይቆይም" ትላለህ።

ኮኖሊዲን በላቦራቶሪ የተሠራው በ2011 ነው፤ ተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከቅጠል ማውጣቱ አያዋጣም። ለኦፒዮይድ ሪሴፕተሮች ግድ የለውም፤ በ2021 ደግሞ ኤሲኬአር3 ላይ እንደሚያርፍ ታየ። ይህ ሪሴፕተር አካል ራሱ የሚያመርታቸውን ኦፒዮይድ ፔፕታይዶች እየለቀመ የሚያጠፋ ነው፤ ሲዘጋ ፔፕታይዶቹ ይበረክታሉ። ሐሳቡ ያምራል። ሆኖም በ2011 ዝናውን ያገኘው በፎርማሊን ፈተና (እግር ላይ ፎርማሊን ተወግቶ ሕመሙ በሚታይበት) ነው፤ ፎርማሊን ደግሞ የተቆረጠ ነርቭ አይደለም።

ታበርናንታሎግ በ2020 የወጣው በቅርጽ ማቅለል ነው። የአይቦጌይንን ውስብስብ የኢሶኪኑክሊዲን ቀለበት ትተው በቀላል ባለ ሰባት አባል ቀለበት ተኩት፤ በውሃ ይሟሟል፣ ኸርግን የመዝጋት አቅሙም ወርዷል። አይቦጌይን የልብን ኪውቲ (ልብ ከምት በኋላ ኤሌክትሪኩን እስኪመልስ የሚፈጀውን ጊዜ) ያስረዝማል፣ ሰውም ሞቷል። ወደ ኖርአይቦጌይን የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 ነው፤ ይህ ኤንዛይም ደካማ በሆነበት ሰው አይቦጌይኑ ራሱ ይከማቻል፣ ኖርአይቦጌይኑም ቢሆን ቶሎ አይወጣም።

የኸርግ ጥያቄህ መልሱ እዚህ ነው፤ አይጥ ከመንካትህ በፊት። በአይጥ ልብ ላይ ይታያል ብለህ አትጠብቅ፤ የአዋቂ አይጥ ልብ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በሌላ የፖታሲየም ቻናል ነው። ኸርግ በገባበት የሰው ሕዋስ ላይ በፓች ክላምፕ (የሕዋሱን ኤሌክትሪክ በሚለካ ዘዴ) ይለካ። የተለመደው ሚዛን ኸርግን በግማሽ የሚዘጋው መጠን ከነጻው (ከፕሮቲን ጋር ካልተያያዘው) ከፍተኛ የደም መጠን 30 እጥፍ መራቁ ነው። ብዙዎች ጠቅላላውን የደም መጠን ያስገቡና ደህና ሞለኪውል ይጥላሉ።

5ኤችቲ2ቢ የተባለውን የሴሮቶኒን ሪሴፕተርም አትርሳ። የኢንዶል ቤተሰብ ሞለኪውል ሁሉ እዚያ ይፈተሽ፤ መጣበቁ ብቻ ሳይሆን ማንቃቱ ይለካ። ለወራት ሲነቃ የልብ ቫልቭ ይወፍራል፤ ፌንፍሉራሚን በ1997 ከገበያ የወጣው በዚህ ነው። ለድብርት አንድ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ውህድ ያልፍ ይሆናል፤ የነርቭ ሕመም መድኃኒት ግን በየቀኑ፣ ለዓመታት ነው የሚዋጠው።

እኔ ብሆን ሳልቪኖሪንን እንደ መድኃኒት ዕጩ ሳይሆን እንደ መለኪያ ይዤ፣ ጉልበቴን ዲሃይድሮኮሪቡልቢን ላይ አደርግ ነበር። በ2014 በወጣው ሥራ ዲ2 በሌላቸው አይጦች ውጤቱ መቅረቱ፣ ለቀናት ሲደጋገምም አለመላመዱ መታየቱ ጥሩ መነሻ ነው። የሚያሰጋው ማፍዘዙ ብቻ ነው፤ የሚያስታግሰውና ሮታሮድ ላይ የሚጥለው ዶዝ ቢያንስ 3 እጥፍ ካልተራራቁ ግን ልቤ አይቀበለውም።

ቅጠል_በጣሽ

ስለ ጭማቂው ባጭሩ፦ ለመፈለግ ይሆናል፣ ለማወዳደር አይሆንም። አራቱን ስም አውቀህ ከያዝክ ንጹሕ ውህድ ግዛ ወይም አሠራ፤ ንጽሕናው 98 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን በኤንኤምአርና በኤልሲኤምኤስ ራስህ አረጋግጥ። በጭማቂ ውስጥ ታኒን ፕሮቲን ሁሉ ላይ ይለጠፍና ሪሴፕተር "የዘጋ" ያስመስላል። ንጹሕ ውህድም ቢሆን በማይክሮሞላር መጠን ተሰባስቦ እንክብል ሲሠራ እንዲሁ ያታልላል፤ 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 ጨምረህ ውጤቱ ከጠፋ ውሸት ነበር። ይህ ሕዋስ በሌለበት ሙከራ ብቻ ነው፤ ሕያው ሕዋስ ላይ ሳሙና አታፍስስ።

ፈቃድም አለ። ሳልቪኖሪን ኤና አይቦጌይን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ቲኤችሲ፣ ሜስካሊንና ካቲኖን ግን አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ አገሮች ለብቻቸው ከልክለዋል። የግዢ ትእዛዙን ከመላክህ በፊት የአገርህን ሕግ እይ፤ የጉምሩክ እገዳ ከማንኛውም ሙከራ ይረዝማል።

ዶ/ር_ሲናፕስ

የአይጡ ክፍል ደህና ተነግሯል። ከሰው ወገን ያለውን ልጨምር፣ በአንድ ነጥብ ላይም ከቀለበት ስድስት ጋር አልስማማም።

መጀመሪያ መመዘኛውን እንወቅ። በ2015 የታተመው የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች ግምገማ እንደሚለው፣ አንድ ሰው ግማሽ ያህል እፎይታ እንዲያገኝ አሚትሪፕቲሊንን በመሰሉ ትራይሳይክሊኮች 3.6 ሰው፣ በዱሎክሰቲን ቡድን 6.4፣ በፕሪጋባሊን 7.7 ሰው መታከም አለበት። ከአእምሮ ተኮር ዕፅዋት በሰው ላይ በደንብ የተፈተነው ካናቢስ ነው። በ2018 የኮክሬን ግምገማ በ16 ጥናት 1750 ሰው ታይቶ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ እፎይታ ያገኙት 21 በመቶ ሲሆኑ በፕላሴቦ 17 በመቶ ነበሩ፤ ስሌቱ ለ20 ሰው አንድ ይመጣል። በጎንዮሽ ጉዳት ያቋረጡት 10 በመቶ ለ5 ናቸው። አዲሱ ሞለኪውል የሚገባበት ውድድር ይህ ነው፤ አሮጌውና ርካሹ አሚትሪፕቲሊን ገና አልተሸነፈም።

ሁለተኛው ችግር መሸፈን ነው። አእምሮን የሚነካ ውህድ የወሰደ ሰው መውሰዱን ያውቀዋል፤ ፕላሴቦ የደረሰውም እንዳልወሰደ ያውቃል። ሕመም ደግሞ የሚለካው በሰውዬው ቃል ነው። ለዚህ የሚረዳው የሚያፈዝ ግን የማያስታግስ ማወዳደሪያ ነው፤ በ2005 ጋባፔንቲንና ሞርፊን ለየብቻና አብረው በተፈተኑበት ጥናት ሎራዜፓም በትንሽ መጠን እንዲህ አገልግሏል። ተሳታፊዎችን በመጨረሻ "የቱን የወሰዱ ይመስልዎታል?" ብሎ ጠይቆ መልሱን ማተምም ግዴታ መሆን አለበት። ክር ቆጣሪ ያሉት የሃሎፔሪዶል ቡድን የዚሁ ወንድም ነው፤ ሳልቪኖሪን የወሰደች አይጥ ደርቃ ስለምትቀመጥ ለኪውም ቢሆን ያውቃታል።

አእምሮን የማይነካ ሞለኪውልም ከፕላሴቦ አያመልጥም። ሱዜትሪጂን በጥር 2025 በአውሮፓ አቆጣጠር ለአጣዳፊ ሕመም ፈቃድ አገኘ፤ ከወገብ በሚወርድ የነርቭ ሕመም ላይ ግን በምዕራፍ 2 ጥናት በ12 ሳምንት ሕመሙን 2.02 ነጥብ ሲቀንስ በፕላሴቦ ቡድንም 1.98 ቀነሰ። ጥናቱ ሁለቱን ለማነጻጸር የተሠራ ባይሆንም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ስለ ዶዝ ደግሞ የሕመም መድኃኒት ዕጩ የነበረውን ኤቢቲ-594 አስታውሱ። መነሻው ዕፅ ሳይሆን የእንቁራሪት ቆዳ ነው፤ ግን የሚነካው ኒኮቲን የሚነካውን ሪሴፕተር ስለሆነ ትምህርቱ ያው ነው። በስኳር ሕመም በሚመጣ የነርቭ ሕመም ከፕላሴቦ ይልቅ አስታገሰ። በቀን ሁለት ጊዜ 150፣ 225 እና 300 ማይክሮግራም ሲሰጥ ግን በጎንዮሽ ጉዳት ያቋረጡት በቅደም ተከተል 28፣ 46 እና 66 በመቶ ሆኑ፤ በፕላሴቦ 9። የሠራው ዶዝና ያስመለሰው ዶዝ አንድ ነበሩ።

የማልስማማበት ነጥብ፦ አንጎል እንዳይገባ ማድረግ ለማሳከክ ሠርቷል ማለት ለነርቭ ሕመም ይበቃል ማለት አይደለም። ከቆየ በኋላ ሕመሙ ከተጎዳው ነርቭ ወደ አከርካሪ ሰርሰር ይዘልቃል፤ ዳር ላይ ብቻ የሚሠራ መድኃኒት ያንን አይደርስበትም። ለጠባብ ቡድን፣ ጉዳቱ ገና ከዳር ለሚነሳባቸው ሰዎች፣ ይሆን ይሆናል።

ቀለበት_ስድስት

ዶክተር፣ አከርካሪውን አልካድኩም። ግን ካፓ በዶርሳል ሩት ጋንግሊየን (ከአከርካሪ ሰርሰር ውጭ ባለው የስሜት ነርቮች ቋጠሮ) ሕዋሳት ላይ አለ፤ በኤስኤንአይ የተጎዳ ነርቭ በራሱ የሚተኩሰው ምልክትም አንዱ ምንጩ እዚያው ነው። መፈተን ቀላል ነው፦ ዳር የሚቀር ካፓ አንቂ በመላ አካል እንዲዳረስ ሰጥቶ፣ ለሁለተኛ ቡድን ደግሞ አንጎል የማይገባ ኦፒዮይድ ከልካይ (ናሎክሶን ሜቲዮዳይድ) አስቀድሞ መስጠት። ውጤቱ ከጠፋ ዳር ነው። ናሎክሶን ሜቲዮዳይድ በካፓ ላይ ሙ ከተባለው ኦፒዮይድ ሪሴፕተር ይልቅ ደካማ ስለሆነ ዶዙን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ጥቂት ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል፤ የአንጎል መጠኑንም ለካ።

ቀጭን_ነርቭ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዱን እንዲህ ቀየርኩት፦ መጀመሪያ ኸርግና 5ኤችቲ2ቢ፣ ከዚያ የደምና የአንጎል ነጻ መጠን በአራት የጊዜ ነጥቦች፣ ከዚያ የጊዜ መስመር ያለው ቮን ፍሬይ ከሮታሮድ ጋር፣ ከሃሎፔሪዶልና ከሻም ቡድን ጋር፣ በሁለቱም ፆታ። የቦታ ምርጫ ፈተናው ላለፈ አንድ ውህድ ብቻ ይሆናል። ሳልቪኖሪን ከዕጩነት ወጥቶ የካፓ መለኪያ ሆኗል። የቀረኝ ጥያቄ ማሟሟቻው ነው፤ ዲሃይድሮኮሪቡልቢንን በ10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ልስጠው?

ክር_ቆጣሪ

ዲኤምኤስኦ በራሱ ነርቭ ላይ ይሠራል፣ የአይጧን ሆድም ያስቆጣል። 5 በመቶ አድርገው፤ 5 በመቶ ትዊን 80ና 90 በመቶ ሳላይን ጨምርበት። በኪሎ 10 ሚ.ሊ. ከመስጠትህ በፊት ግን ቱቦውን በብርሃን ፊት ይዘህ እይ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ደመና ወይም ከታች ዝቃጭ ካየህ የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ አይጥ አንድ ዶዝ አልወሰዱም። ማሟሟቻውን ብቻ የሚወስድ ቡድንም ይኑርህ፤ መርፌ ያልነካቸው አይጦች የእሱን ቦታ አይተኩም።